የበረዶዋ ሕፃን እና ልብሷን የሰፋችላት ሴት

በ1901 አሜሪካ ውስጥ አንድ የልጆች መጽሐፍ ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱ «የበረዶዋ ሕፃን» ይላል። ከርእሱ ሥር እውነተኛ ታሪክ ከእውነተኛ ሥዕሎች ጋር መሆኑ ተጽፏል። ሥዕሎቹ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ታሪኩም የአንዲት ሕፃን ነው። ሕፃኗ የተወለደችው በሰሜን ዋልታ መንገድ ላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበትና ክረምቱ ሲገባ ፀሐይ ለአራት ወር ገደማ በማትወጣበት በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ነው። ጸሐፊዋ እናቷ ጆሴፊን ዲቢች ፒሪ ናት።

ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ ስለዚህች ሴትና ስለ መጽሐፏ ልጽፍ የተነሣሁት በምክንያት ነው። ባለፉት ስብሰባዎቻችን የእናቶቻችንንና የአያቶቻችንን ሕይወት ለልጆች በሚሆን የሥዕል መጽሐፍ እናውጣ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ቆይቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አስቸጋሪ ኑሮን ለልጅ ጆሮ በሚሆን መንገድ መተረክ ቀላል ሥራ አይደለም። ምን ይገባል? ምን ይቀራል? የማን ስም ይጻፋል? ጆሴፊን ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በራሷ መንገድ መልሳለች። ከመልሷ የምንማረው አለ፤ የምንጠነቀቅበትም አለ።

ከቢሮ ጸሐፊነት ወደ በረዶ አገር

ጆሴፊን የተወለደችው በ1863 በሜሪላንድ ግዛት ነው። አባቷ ከጀርመን አገር የመጡ ሲሆኑ በዋሽንግተን ከተማ በስሚዝሶንያን ተቋም ይሠሩ ነበር፤ እሷም ከጋብቻዋ በፊት በዚያው ተቋም በጸሐፊነት ሠርታለች። በ1888 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መሐንዲስ የነበረውን ሮበርት ፒሪን አገባች። ፒሪ ስሙ በዓለም እንዲጠራ የሚፈልግና ሐሳቡን ሁሉ በሰሜኑ በረዶ ላይ የጣለ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የአሳሽ ሚስት እቤቷ ተቀምጣ ደብዳቤ መጠበቅ ነበረባት። ጆሴፊን ግን በ1891 ከባሏ ጋር መርከብ ተሳፈረች።

ጉዞው በመከራ ነበር የጀመረው። ገና በባሕር ላይ ሳሉ የመርከቡ መሪ ብረት የፒሪን እግር መትቶ ሰበረው። ጆሴፊን ባሏን አስታመመች፤ በግሪንላንድ ዳርቻ በተሠራችው የእንጨት ቤት ውስጥ ለጓዶቹ ምግብ አበሰለች፤ ጠመንጃ ይዛ አደን ወጣች። አንድ ቀን ዋልረስ የሚባሉት ግዙፍና ረጃጅም ጥርስ ያላቸው የባሕር አውሬዎች ጀልባቸውን ሲከቡት፣ ወንዶቹ ሲተኩሱ እሷ ባዶ ጠመንጃዎችን እየተቀበለች ጥይት ታጎርስ ነበር። ይህን የአንድ ዓመት ቆይታ በዕለት ማስታወሻ ይዛ በ1893 መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። ያ መጽሐፍ ለአዋቂዎች የተጻፈ ነው።

በዚያው በ1893 እንደገና ወደ ሰሜን ስትሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴፕቴምበር 12 ቀን፣ ከአገሯና ከዘመዶቿ እጅግ ርቃ፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ማሪ ተባለች። የአራስ ቤቷ በበረዶና በቋጥኝ መካከል የቆመች የሳንቃ ቤት ነበረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፀሐይ ጠለቀች፤ ተመልሳ እስክትወጣ ድረስ ሕፃኗ ያደገችው በመብራት ብርሃን ብቻ ነው። ማሪ ፀሐይን ያየችው አምስት ወር ሲሞላት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስም

የአካባቢው ሰዎች ራሳቸውን ኢኑግዊት ብለው ይጠራሉ፤ በዘመኑ ኤስኪሞ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ቁጥራቸው 250 ገደማ ብቻ ነበር። ነጭ ሕፃን አይተው ስለማያውቁ ከሩቅም ከቅርብም እየመጡ ጎበኟት። መልኳ እንደ በረዶ ነጭ ስለሆነ፣ እውነት ሙቀት ያላት ሰው ትሁን ወይም ከበረዶ የተሠራች ለማወቅ በእጃቸው ይነኳት እንደ ነበር እናቷ ጽፋለች። «የበረዶዋ ሕፃን» የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕፃኗ ሌላም ስም አላት። ሙሉ ስሟ ማሪ አህኒጊቶ ፒሪ ነው። አህኒጊቶ ማለት የመጀመሪያውን የፀጉር ቆዳ ልብስ የሰፋችላት የኢኑግዊት ሴት ስም ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ አገር ልብስ ጌጥ አይደለም፤ ልብስ የሌለው ሰው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ሮበርት ፒሪ ራሱ በ1899 ክረምት በበረዶ ተመትቶ አብዛኞቹን የእግር ጣቶቹን አጥቷል። ከሱፍና ከጥጥ የተሠራው የአውሮፓ ልብስ ለዚያ ብርድ አልበቃም፤ ጉዞውን ያስቻለው የኢኑግዊት ሴቶች ስፌት ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ወንዶቹ አድነው ያመጡትን ቆዳ ሴቶቹ የጨረቃ ቅርጽ ባለው ቢላዋ ይፍቁታል። ከዚያም እንዲለሰልስ በጥርሳቸው ያኝኩታል፤ ያረጁ ሴቶች ጥርስ እስከ ድድ ድረስ ያለቀው በዚህ ነው። ክሩ የእንስሳ ጅማት ነው። ካፖርቱ ከቀበሮ ቆዳ፣ ሱሪው ከዋልታ ድብ ቆዳ፣ ጫማው ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ፣ የውስጥ ሸሚዙ ከትናንሽ ወፎች ቆዳ ይሰፋል። አንዲት ስፌት ከላላች ውኃ ይገባል፤ ውኃ ከገባ እግር ይቀዘቅዛል፤ እግር ከቀዘቀዘ ሰው ከመንገድ ይቀራል። በቤት ውስጥም ከለስላሳ ድንጋይ የተፈለፈለውን የስብ ኩራዝ የምታነድ፣ ክሩን የምታስተካክል፣ ልብስ የምታደርቅ ሴቷ ናት።

የፒሪ ጉዞዎች ሁሉ ያረፉት በዚህ ሥራ ላይ ነው። በጋዜጣ የወጣው ግን የአንድ ሰው ስም ነበር። ከፒሪ ጋር ከ1891 ጀምሮ ወደ ሰሜን የተጓዘው ጥቁር አሜሪካዊ ማቲው ሄንሰን ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር፣ ውሻ የሚነዳ፣ ተንሸራታች ጋሪ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1909 ፒሪ ዋልታው ላይ ደረስሁ ባለበት ጊዜም ሄንሰንና አራት የኢኑግዊት ወንዶች አብረውት ነበሩ። ሄንሰን በአገሩ ተገቢውን ክብር ለማግኘት ዐሥርተ ዓመታት ጠብቋል፤ አፅሙ በክብር ወደ አርሊንግተን መቃብር የተዛወረው በ1988 ነው። የሰፊዎቹ ሴቶች ተራ ግን ገና አልደረሰም። ከነሱ መካከል የአንዷ ስም በሕፃን ስም ውስጥ ተቀምጦ በልጆች መጽሐፍ መታተሙ ትንሽ ነገር አይደለም። ጆሴፊን ይህን በማድረጓ ምስጋና ይገባታል።

ከባዱን ቀለል አድርጎ መተረክ

ጆሴፊን ለልጆች ስትጽፍ የመረጠችው መንገድ ብልህ ነው። ስለ ዋልታ ስለ ኬክሮስ አላስተማረችም። ዓለሙን ከሕፃኗ ቁመት አየችው፤ መብራት፣ የሞቀ የፀጉር አልጋ፣ ውሾች፣ ከደጅ የሚገቡ እንግዶች፣ ድንገት የምትወጣ ፀሐይ። ከተማ ውስጥ ያለ የአምስት ዓመት ልጅ ዋልታ ምን እንደሆነ ባያውቅም ጨለማና መብራት ምን እንደሆኑ ያውቃል። ፎቶግራፎቹም ተረት አለመሆኑን ያረጋግጡለታል።

በ1894 ማሪ ከእናቷ ጋር ወደ አሜሪካ ስትመለስ አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የኢኑግዊት ልጅ አብራቸው ሄደች። ስሟ ኤቃሪዩሳቅ ነው፤ ፈረንጆቹ «ሚስ ቢል» ይሏት ነበር። በአሜሪካ አንድ ዓመት ቆይታ ወደ አገሯ ተመለሰች። በመጽሐፉ ውስጥ የዚህች ልጅ መገረም ልጆችን የሚያስቅ ክፍል ነው። እኛ ግን ባዕድ አገር ቤት ውስጥ ለሥራ የገቡ ስንት ልጆቻችንን እናውቃለን፤ ከራሷ አፍ ብንሰማው ኖሮ ያ ዓመት የሚያስቅ ብቻ ይሆን ነበር ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ጆሴፊን ስታሳትም ገንዘብም ያስፈልጋት ነበር። ፒሪ ሰሜን ቀርቶ ሳለ በ1895 እሱን የምታመጣ መርከብ ለመላክ ከሰው ፊት ቆማ ንግግር እያደረገች፣ የባለጠጎችን በር እያንኳኳች ገንዘብ የሰበሰበችው እሷ ናት። የጉዞዎቹ ወጪ ከለጋሾች ኪስ ነበር የሚወጣው። ለጋሽ ደግሞ ላወጣው ገንዘብ የሚታይ ነገር ይፈልጋል። ይህን የምናነብ ሁሉ ነገሩ አይጠፋንም።

ከመጽሐፉ ጀርባ

«የበረዶዋ ሕፃን» በታተመበት ዘመን በቤተሰቡ ውስጥ የነበረው ኑሮ ሌላ ነው። በጃንዋሪ 1899 ጆሴፊን ፍራንሲን የተባለች ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በሰባት ወሯ ሞተች። አባቷ ሰሜን ስለነበረ በዓይኑ አላያትም። እናት ልጇን ብቻዋን ቀበረች።

በ1900 በጋ ጆሴፊን ማሪን ይዛ ባሏን ፍለጋ እንደገና ተሳፈረች። መርከቧ በበረዶ ተይዛ ክረምቱን እዚያው አሳለፈች፤ ፒሪ ግን ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሚርቅ ስፍራ ስለነበረ መምጣታቸውን ያወቀው በ1901 ጸደይ ነው። በዚያች መርከብ ላይ ጆሴፊን አሌቃሲና የተባለች የኢኑግዊት ወጣት ሴት አገኘች። ሴቲቱ ሕፃን ይዛለች፤ የሕፃኑ አባት ፒሪ ነበር። ጆሴፊን ከዚህች ሴት ጋር ክረምቱን በአንድ አካባቢ ማሳለፍ ነበረባት።

ስለዚያ ክረምት በ1903 ከልጇ ጋር ሆና «የአርክቲክ ልጆች» የሚል ሌላ መጽሐፍ አወጣች። በዚያ ውስጥ ጨዋታው፣ በረዶው፣ የማሪ ባልንጀሮች አሉ። የአሌቃሲና ልጅ አባት ማን እንደሆነ ግን አይነገርም። አንዲት እናት ለልጆች በምትጽፈው መጽሐፍ ይህን እንድትናገር የሚጠብቅ የለም። ዝምታዋ ለማሪ ጥበቃ ነበር። ሆኖም ያው ዝምታ ለአሌቃሲና ልጆች ከለላ አልሆናቸውም። ፒሪ ከአሌቃሲና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ በአደባባይ ልጆቼ አላለም። ትንሹ ልጅ ካሊ አሜሪካን ያየው በ1987፣ ሰማንያ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

ሌላም አለ። በዚያ አገር ከሰማይ የወደቁ ሦስት ትላልቅ የብረት ድንጋዮች ነበሩ። ኢኑግዊቶች ከነሱ ብረት እየቀጠቀጡ ለብዙ ትውልድ ቢላዋና የጦር ጫፍ ሠርተዋል፤ ለድንጋዮቹም «ሴቲቱ»፣ «ውሻው»፣ «ድንኳኑ» የሚል ስም ነበራቸው። ፒሪ ሁለቱን በ1895፣ 31 ቶን የሚመዝነውን ትልቁን በ1897 በመርከብ ወሰዳቸው። የአራት ዓመቷ ማሪ የወይን ጠርሙስ ሰብራ ትልቁን ድንጋይ በራሷ ስም «አህኒጊቶ» ብላ ሰየመችው። የሰፊዋ ሴት ስም እንዲህ ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰጠ፤ አሁን ግን ከአገሯ ተነቅሎ ለሚሄድ ንብረት። ድንጋዮቹ በ1909 ለኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ40,000 ዶላር ተሸጡ፤ ገንዘቡም ለፒሪ ቤተሰብ ገባ። ዛሬም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ይታያሉ።

በዚያው የ1897 መርከብ ስድስት የኢኑግዊት ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ ተወሰዱ። በወራት ውስጥ አራቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ቂሱክ ይባላል፤ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጁ ሚኒክ ወላጅ አልባ ሆኖ ቀረ። ለሕፃኑ አባቱ የተቀበረ መስሎ እንዲታየው የማስመሰያ ቀብር ተደረገ፤ አፅሙ ግን በሙዚየሙ ተቀምጦ ነበር። የአራቱ አፅም ወደ ግሪንላንድ ተመልሶ የተቀበረው በ1993 ነው። ማሪ በፎቶግራፍ ስትወደድ፣ ሚኒክ በዚያው አገር የአባቱን አፅም ይለምን ነበር። ሁለቱም ከአንድ ዳርቻ የመጡ ልጆች ናቸው።

እኛስ እንዴት እንጻፍ?

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ጆሴፊንን ለመክሰስ አይደለም። በዘመኗ ሴት ባልሄደችበት ሄዳለች፤ ያየችውን በራሷ ብዕር ጽፋለች፤ ልጇም የእሷን ፈለግ ተከትላ ለልጆች መጻሕፍት ጽፋ በ1934 የራሷን ታሪክ አሳትማለች። ጆሴፊን በ1955 በዘጠና ሁለት ዓመቷ ከማረፏ በፊት የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ሜዳልያ ሸልሟታል። የሚገባት ነው።

ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዝምታ እንዳለ ከታሪኳ እንረዳለን። አንደኛው ለልጅ ከዕድሜው በላይ የሆነውን አለመንገር ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ለአምስት ዓመት ሕፃን ሞትንና ክህደትን በዝርዝር አንነግርም፤ እንደ ዐቅሙ እንነግረዋለን። ሁለተኛው ዝምታ ለልጅ ያልተነገረውን ለአዋቂም መደበቅ ነው። የአሌቃሲና ልጆችና ሚኒክ የተጎዱት በዚህኛው ነው። የልጆቹ መጽሐፍ ብቻ ሲቀር፣ ሥዕሉ ሲያምር፣ ሰው ሁሉ ታሪኩ ያ ብቻ ይመስለዋል።

የኛም እናቶች ታሪክ እንዲሁ ነው። ጥጥ ፈትለው፣ እንጀራ ሸጠው፣ ዕቁብ ጥለው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ይህን ለልጆች በሥዕል ማሳየት ይቻላል፤ እንዝርቱ፣ ምጣዱ፣ የዕቁቡ ዕጣ ለልጅ ዓይን ደስ ይላሉ። ያዘኑበት፣ የተበደሉበት፣ በልጅነታቸው የተዳሩበት ግን በሥዕል መጽሐፉ ሁሉ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉን ስናዘጋጅ አራት ነገሮች በደንባችን እንዲገቡ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ታሪኳን የሰጠች እናት ስሟ ይጻፍ፤ እሷ ካልፈቀደች በስተቀር «አንዲት ሴት» ተብሎ አይለፍ። ሥዕሉ ላይ የሚታየውን ነጠላ የፈተለችውም፣ ጥለቱን የሠራውም ስማቸው ከመጽሐፉ ጀርባ ይስፈር።

ሁለተኛ፣ ለልጆች ያልሆነው ክፍል አይጣል። በተናጋሪዋ ፈቃድ ተቀድቶ ወይም ተጽፎ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ሊያነቡት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሕፃናት ፎቶግራፍ ከመታተሙ በፊት ወላጅ ይጠየቅ፤ ልጁም እንደ ዕድሜው ይጠየቅ። ማሪ መጽሐፉ ሲወጣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቷ ነበር፤ «የበረዶዋ ሕፃን» የሚለው ስም ግን እስከ እርጅናዋ ተከትሏታል።

አራተኛ፣ ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ ለማን እንደሚሆን ከማተሚያ ቤት ከመግባታችን በፊት ተነጋግረን እንወስን፤ ታሪኩን የሰጡት እናቶችም ከውሳኔው ላይ ይኑሩበት። ለጋሾቻችንም ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

የአህኒጊቶ ስም እስከ ዛሬ የሚታወቀው በሕፃኗና በድንጋዩ ነው። ስለ ራሷ፣ ስለ ልጆቿ፣ ያንን ትንሽ ልብስ ለመስፋት ስንት ቀን እንደፈጀባት የጠየቃት ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሌላ መጽሐፍ በእጃችን ይኖር ነበር። የኛ ሰፊዎችና ፈታዮች ግን በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ። ደብተርና እርሳስ ይዘን እንምጣ።